«ፈርም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ ሳስተምር ዓመታት ሆነኝ። ተማሪዎቼ «ፈርም» (firm) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሌ «ጠንካራ» ብለው ያልፉታል። መዝገበ ቃላቱም እንደዚያ ስለሚላቸው አልፈርድባቸውም። ግን ቃሉ በዚህ ብቻ አያልቅም። «የከበዳችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ከየወረዳው ጠየቃችሁኝ። መልሱ ይኸው።

ከፍኖተ ሰላም፣ ነርስ፦ ሐኪሙ ካርድ ላይ እብጠቱን «ፈርም» ብሎ ይጽፋል። «ሃርድ» ከሚለው በምን ይለያል?

እህቴ፣ ቃሉን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም። የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩት አንድ ዘዴ አለ። በጣትሽ ከንፈርሽን ጫን አድርጊው። እሱ «ሶፍት» ነው። ቀጥሎ የአፍንጫሽን ጫፍ። ትንሽ እሺ ይላል፤ ጣትሽን ስታነሺ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። ፈርም ማለት ይህ ነው። በመጨረሻ ግንባርሽን ንኪው። ንቅንቅ አይልም፤ እሱ «ሃርድ» ነው። ፈርም እንግዲህ በልስላሴና በድንጋይነት መካከል ያለ ነው። ይህን የያዘ ሰው ሌላው ሁሉ ይቀልለታል።

ከባሕር ዳር፣ የሞባይል ጥገና ባለሙያ፦ «ፈርምዌር» ውስጥ ያለውስ?

ያው ነው። ፈርምዌር ማለት በመሣሪያው ውስጥ ተቀምጦ የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። አሸር ኦፕለር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1967 እ.ኤ.አ. ነው ቃሉን የፈጠረው። በሃርድዌርና በሶፍትዌር መካከል ላለ ነገር ስም ሲፈልግ ፈርምን መረጠ።

ከቢቸና፣ የግብርና ባለሙያ፦ ለጤፍ «ፈርም ሲድቤድ» ያስፈልጋል የሚል መመሪያ አለን። «ጽኑ መደብ» ብዬ ብናገር ገበሬው አልገባውም።

አይገባውማ! ነገሩን ግን ከሁላችን በላይ ያውቀዋል። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ከብት እየነዳ ማሳውን ያስረግጥ የለ? እሱ ነው። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነው። አፈሩ ልል ከሆነ ወደ ታች ሰርጎ ሳይበቅል ይቀራል። ሲረገጥ ግን ዘሩ ላይ ላዩን ይይዛል፤ ከእርጥቡ አፈርም ጋር ይገናኛል። ልጅ ሆኜ ከከብቶቹ ኋላ ሆኜ እረግጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይሰምጣል። ወደ መጨረሻው ግን የሚቀረው ዱካ ብቻ ነው። አፈሩ ይሸከምሃል፣ ግን አልደነደነም፤ ሥር ይሰድበታል። ስለዚህ «በደንብ የተረገጠ ማሳ» በላቸው።

ከቡሬ፣ ነጋዴ፦ ማስታወቂያ ላይ ዋጋው «ፈርም» ነው ሲል መከራከር ይቻላል?

አይቻልም። ቁርጥ ዋጋ ነው።

ከደብረ ማርቆስ፣ የሕግ ተማሪ፦ «ሎው ፈርም» (የሕግ ድርጅት) ሲባልስ? ድርጅት ከጽናት ጋር ምን አገናኘው?

ይህን ሳስተምር ሁሌ ደስ ይለኛል። ድርጅት የሚል ትርጉም ያለው ፈርም የመጣው «ፊርማ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው። አዎ፣ እኛ ወረቀት ላይ የምናኖረው ፊርማ! ሥሩ የላቲኑ «ፊርሙስ» ነው፤ ጽኑ ማለት ነው። ሰው ሲፈርም ቃሉን ያጸናል። ነጋዴ የሚፈርምበት ስም ቀስ በቀስ የንግድ ቤቱ ስም ሆነ፤ በኋላም ንግድ ቤቱ ራሱ ፈርም ተባለ። እኛም ቃሉን ከጣልያንኛ ወስደን ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ እያልን አረባነው። በየቀኑ «ኮንፈርም አድርግልኝ» የምንለውም ከዚሁ ቤት ነው። እርሻ የሚባለው «ፋርም» ሳይቀር ዘመዳቸው ነው። ድሮ ቁርጥ ያለ ዓመታዊ ክፍያ ማለት ነበር። ኋላ በዚያ ክፍያ የተያዘው መሬት በስሙ ተጠራ። ስትናገሩ ግን አታምታቱ። እርሻው አፍ ከፈት ተደርጎ ነው የሚባለው።

ከደጀን፣ የሁለት ልጆች እናት፦ ለልጆቼ «ፈርም» ሁኚ ይሉኛል። ቁጡ ሁኚ ማለት ነው?

አይደለም እመቤቴ። ቁጣ ሌላ ቃል አለው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ጥናት ሳያልቅ ኳስ የለም» ብለው፣ ልጁ ሲያለቅስም ሲለማመጥም ያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያሉት ቃል አሥር ሰዓት ላይም ካለ፣ እርስዎ ፈርም ነዎት። ድምፅዎን ከፍ ማድረግ አያስፈልግዎትም። ልጁ ቢታመም ደግሞ ያላሉታል። ግትር ሰው ግን ያኔም አይሰማም። ፈላስፋው በርትራንድ ራስል በ1948 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ሬዲዮ ይህን ልዩነት እንደ ግሥ አርብቶት ነበር። ስለ ራሳችን ሲሆን ፈርም ነን እንላለን፤ ፊታችን ያለውን ሰው ግትር፣ የሌለውን ደግሞ ደረቅ ጅል እናደርገዋለን። ቃሉን ለሰው ስንሰጥ ሚዛናችን የት እንዳለ ማየት ይገባል።

ከሞጣ፣ የቅኔ ተማሪ፦ በእንግሊዝኛው ዘፍጥረት 1፥6 ላይ «ፈርማመንት» የሚል አየሁ። ይኼም ከፈርም ነው?

ነው፣ ወንድሜ። የግሪኩ መጽሐፍ ቅዱስ ሰማዩን ጠጣርነትን በሚያሳይ ቃል ጠራው፤ ላቲኑም ያንኑ ተከትሎ ከ«ፊርሙስ» አወጣው። የኛ መጽሐፍ «ጠፈር» ይለዋል። በግእዝ ጠፈር የቤት ጣሪያም ነው። እነሱ ጽናቱን ሲያዩ የኛ አባቶች ጣሪያነቱን ያዩ ይመስለኛል። የኔታን ጠይቀህ የሚሉህን ብትጽፍልኝ በጣም ደስ ይለኛል።