ጣውላው ለምን ይሰበርብኛል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ለንደን ነው። ግሪንዊች ያየኋትን የመርከቧን የ«ከቲ ሳርክ»ን ተገጣጣሚ ሞዴል ገዝቼ ጀመርኩ። ስሱን ጣውላ ወደ አፍንጫዋ (ወደ ፊተኛው ሹል ጫፏ) ሳጎብጠው ቋ እያለ ሦስቱ ተሰበረብኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም በመጀመሪያ መርከቤ የተሰናከልኩት እዚሁ ላይ ነበር። ደረቅ እንጨት እሺ አይልም። ሞቅ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው፤ ሲለሰልስ በቀስታ አጉብጠህ የጎድን አጥንቶቿ (ቅርጿን የሚሰጧት ተሻጋሪ እንጨቶች) ላይ በስፒል ይዘህ አሳድረው። ሙጫው የሚቀባው ከደረቀ በኋላ ነው፤ እርጥቡን ከለጠፍከው ሲደርቅ ይኮማተርና ክፍተት ይተዋል። አንዱን በቀኝ ካደረግህ ቀጣዩን በግራ አድርግ፤ አንድ ጎን ብቻ አስቀድመህ ከጨረስክ አከርካሪዋ (ከሥር በቁመቷ የሚሄደው ዋና እንጨት) ይጣመማል፣ እሱን ደግሞ ማቃናት አይቻልም። የጣውላውን ጫፍ በምላጭ አቅጥነው። «ከቲ ሳርክ» እ.ኤ.አ. በ1869 ለሻይ ንግድ የተሠራች ፈጣን መርከብ ናት፤ አፍንጫዋ የሾለው ውሃውን እንዲሰነጥቅ ነው፣ አትቸኩልባት።