ለኮርሱ ከመክፈልሽ በፊት አቆጣጠሩን ልመጂ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ደሴ ላይ በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተመርቃ የመውጫ ፈተናውን አልፋለች። ወሎ ውስጥ ያለ አንድ የከተማ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለዲጂታል ክፍሉ ባለሙያ ሲፈልግ ተመዝግባ፣ አሁን ለተግባር ፈተና ተጠርታለች። ፈተናው የዲጂታል ስብስቡን መጠንና አጠቃቀም የሚያሳይ የሩብ ዓመት ሪፖርት ማዘጋጀት እንደሆነ ተነግሯታል። «ሦስት ሳምንት አለኝ፤ ተበድሬ አዲስ አበባ ሄጄ የዳታ ሳይንስ ኮርስ ልውሰድ?» ትላለች።

እህታችን፣ አብሽሪ። ብድሩ ይቅርብሽ። ለዚህ ሥራ ኤክሴልን እስከ ፒቮት ቴብል (መረጃን ጠቅልሎ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ድረስ፣ ከኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ላይ ሪፖርት ለማውጣት የሚበቃ ትንሽ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ)፣ የሰርቨር ሎግ (ሰርቨሩ የተጠየቀውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ) ከፍቶ ማንበብ ካወቅሽ ይበቃሻል። የሚጎድለው ሌላ ነው። «በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል ሺህ ተጠቃሚ አገለገልን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ ከቁጥሩ አጠገብ ምን እንደ አንድ እንደተቆጠረ የሚጽፍ ግን እምብዛም አይገኝም። ፈታኞችሽ ሥራውን የሚያውቁ ከሆኑ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የማያውቁ ከሆኑም፣ ቁጥሩ ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁሽ የምትመልሺው ይኖርሻል።

ከመጠኑ ጀምሪ። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ስታቲስቲክስ ደረጃ አይ ኤስ ኦ 2789፣ የአፈጻጸም መለኪያዎቹ ደግሞ አይ ኤስ ኦ 11620 ናቸው፤ ሁለቱንም በስም እወቂያቸው። ኢ-መጽሐፍን በርዕስ ቁጠሪ እንጂ በፋይል አትቁጠሪ። አንድ መጽሐፍ በ12 ምዕራፍ ተከፋፍሎ ስካን ቢደረግ ርዕሱ አንድ ነው። በኪዊክስ (ያለ ኢንተርኔት ድረ ገጽ ማንበቢያ ፕሮግራም) የተጫነ ውክፔድያም አንድ ዳታቤዝ ነው፤ ውስጡ ያሉትን ጽሑፎች ሁሉ «ሰነድ» ብሎ መደመር ስብስቡን በአንድ ሌሊት ያሳብጠዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ዚም ፋይሉ (የኪዊክስ የይዘት ጥቅል) ሲቀየር ደግሞ ማንም ሊያብራራው የማይችል መውረድ ወይም መውጣት ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኝ መጽሐፍ የሚቆጠረው ቤተ መጻሕፍቱ በካታሎጉ ከመዘገበው ብቻ ነው፤ እሱም ከተገዛውና በደንበኝነት ከሚከፈልበት ተለይቶ በራሱ ረድፍ ይቀመጣል። መንዙማም ሆነ ሌላ የድምፅ ቅጂ ካለ ከኢ-መጽሐፍ ጋር አትደባልቂው።

ድግግሞሽ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንድ ፒዲኤፍ በሦስት ኮምፒውተር ላይ በሦስት ስም ተቀምጦ ታገኚያለሽ። ለእያንዳንዱ ፋይል የኤስኤችኤ-256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ ኮድ) አውጥተሽ በኤክሴል ደርድሪ፤ አሻራቸው አንድ የሆኑት አንድ ፋይል ናቸው። ያው መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ስካን ተደርጎ ከሆነ ግን አሻራው ስለሚለያይ በርዕስና በደራሲ ማመሳከር ግድ ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ ፊደል ያስቸግራል፦ «ሥነ ጽሑፍ» እና «ስነ ፅሁፍ» ለኤክሴል ሁለት የተለያዩ ርዕሶች ናቸው። ከማመሳከርሽ በፊት በተጨማሪ ዓምድ ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዝርያቸው ለውጪ። «ሃ» እና «ሀ»፣ «ዓ» እና «አ»ም እንዲሁ እየተቀያየሩ ስለሚጻፉ አንድ አድርጊያቸው። ዋናውን የርዕስ ዓምድ ግን አትንኪው፤ ካታሎጉ መጽሐፉ ላይ እንደተጻፈው መቆየት አለበት።

አጠቃቀሙ ይበልጥ ያደክማል። የመረጃ አቅራቢዎች (ኢ-መጽሐፍና ጆርናል የሚያቀርቡ ድርጅቶች) ለደንበኞቻቸው የሚልኩት ሪፖርት ካውንተር በሚባለው የአቆጣጠር ደንብ ይመራል። አምስተኛው እትም ከጃንዋሪ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎ፣ ከጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5.1 በተባለው ማሻሻያ ተተክቷል። ደንቡ ሁለት ነገር ይለያል። አንባቢው ስለ መጽሐፉ የሚገልጸውን ገጽ ቢያይም መጽሐፉን ራሱን ቢከፍትም «ምልከታ» ተብሎ ይቆጠራል፤ «ጥያቄ» የሚባለው ግን ይዘቱን ሲከፍት ወይም ሲያወርድ ብቻ ነው። መግለጫውን አይቶ ከዚያ ፒዲኤፉን የከፈተ ሰው ሁለት ምልከታና አንድ ጥያቄ ያስመዘግባል። በሪፖርት ላይ ምልከታን እንደ ንባብ ማቅረብ የተለመደ ስህተት ነው።

የራሳችሁ ሰርቨር ላይም ይኸው ደንብ ይሠራል። አንድ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂን በ3፡12፡05፣ በ3፡12፡19፣ በ3፡12፡40 እና በ3፡20፡10 ከፈተ እንበል። ገጹ ሲዘገይበት ደጋግሞ ጠቅ ማድረጉ ነው። በካውንተር ደንብ አንድ ሰው አንዱን ነገር በ30 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ጠቅ ካደረገ የፊተኛው ተትቶ የኋለኛው ይያዛል። በ05 እና በ19 መካከል 14 ሰከንድ፣ በ19 እና በ40 መካከል 21 ሰከንድ ስላለ ሁለቱ ይወድቃሉ፤ የሚቀሩት የ3፡12፡40 እና የ3፡20፡10 ናቸው። ስለዚህ ጠቅላላ ጥያቄ 2፣ ልዩ ጥያቄ (አንድ ሰው በአንድ የአጠቃቀም ክፍለ ጊዜ ያንኑ ቢደጋግምም አንዴ ብቻ የሚቆጠርበት) 1። ሎጉ ላይ ግን 4 ብቻ ሳይሆን 40 መስመር ልታገኚ ትችያለሽ፤ ምክንያቱም አንባቢው ፕሮግራም ትልቅ ፒዲኤፍን በቁራጭ በቁራጭ ስለሚጠይቅ እያንዳንዱ ቁራጭ 206 በሚል ኮድ ለብቻው ይጻፋል። መስመር መቁጠር ማለት እንግዲህ የፋይሉን ክብደት መቁጠር ይሆናል።

ስታጣሪ 200 (ፋይሉ በሙሉ ተልኳል)፣ 206 እና 304 የሚሉትን የሰርቨር መልስ ኮዶች ያዢ። 304 ማለት ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ቀድሞ ስለነበር እንደገና አልተላከም ማለት ነው፤ አንባቢው ግን አይቶታል። ከዚያ የምስል፣ የስታይልና የስክሪፕት ፋይሎችን ጣዪ፣ በ206 የመጡትን ቁራጮች በኮምፒውተርና በፋይል አንድ አድርጊ፣ የ30 ሰከንዱን ደንብ አስኪጂ። ሰርቨሩ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ የፍለጋ ሮቦቶችንም በስማቸው አውጪ። 404ን (ፋይሉ አልተገኘም የሚለውን ኮድ) ለብቻው አስቀምጪው፤ ሰዎች ፈልገው ያጡት ዝርዝር ስለሆነ ለቀጣይ ግዢም ለተሰበረ ሊንክ ጥገናም ይጠቅማል።

ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት «ልዩ ጥያቄ»ን ብቻ ማቅረብ አይመከርም። ተጠቃሚው የራሱ መግቢያ ስም ከሌለው ደንቡ አንድን ሰው የሚለየው በአይፒ አድራሻ፣ በብራውዘር ዓይነት፣ በቀንና በሰዓት ነው። በከተማ ቤተ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ኮምፒውተሮች ከአንድ ራውተር ጀርባ ስለሆኑ ለአቅራቢው በአንድ አይፒ አድራሻ ይታያሉ፤ ብራውዘሩም አንድ ዓይነት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ተማሪዎች በአምስት ኮምፒውተር ያንኑ መጽሐፍ ቢከፍቱ የአቅራቢው ሪፖርት አንድ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ጠቅላላውን ከልዩው ጋር ጎን ለጎን አሳዪና ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፊ።

አሁን ወደ ሰዓትና ቀን። ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ይጽፋሉ፤ ከዚያ ላይ 3 ስትቀንሺ የእኛን ሰዓት ታገኚያለሽ፣ ከ12 በላይ ከሆነ 12 ታወርጃለሽ። ሎጉ 06፡00 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ የምትቀንሺው 6 ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጪ «ከፍተኛው አጠቃቀም በዚህ ሰዓት ነው» አትበዪ፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰው ታስገቢያለሽ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ሌላም አለ፦ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ (ሲ አር 2032) ካለቀች፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰርቨሩ ወደ ድሮ ቀን ሊመለስ ይችላል። ኢንተርኔት ከሌለ ቀኑን የሚያርምለት የለም። የዘንድሮ ንባብ ከዓመታት በፊት ተፈጸመ ተብሎ ተመዝግቦ ካየሽ መጀመሪያ ባትሪዋን ጠርጥሪ።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጁላይ 8 ማለት ነው። የአቅራቢው ሪፖርት ግን በፈረንጅ ወር ይመጣል። ወሩን ቆራርጠሽ በግምት አታከፋፍዪ፤ «ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር» ብለሽ እንዳለ አስቀምጪው። የራሳችሁን ሎግ ግን ቀኑ ስላለው በትክክል ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 ማውጣት ይቻላል። ይህ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ስለሚይዝ 95 ወይም 96 ቀን ነው፤ ሌሎቹ 90 ናቸው። ስለዚህ ጠቅላላ ቁጥሮችን ሳይሆን በተከፈተበት ቀን ወይም ሰዓት የተካፈለውን አወዳድሪ። ቤተ መጻሕፍቱ መብራትና ኔትወርክ የጠፋበትን ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ ያንን ጠይቂ። የማይመዘግብ ከሆነ ራስሽ ባለ አራት ዓምድ ቅጽ ይዘሽ ሂጂ፤ ፈታኞች እንዲህ ያለውን ይወዱታል። ከ2014ቱ ጦርነት በፊትና በኋላ ያለውንም በአንድ ግራፍ ላይ ያለ ማብራሪያ አታስቀጥዪ፤ በወሎ ኮምፒውተራቸው የተዘረፈባቸው ተቋማት ብዙ ናቸው፣ የሚወዳደረውም ያው ስብስብ አይደለም።

ሎጉ ጨርሶ የማያየው አጠቃቀምም አለ። ከሼርድ ፎልደር በፍላሽ የሚወሰድ መጽሐፍ የትም አይጻፍም። መፍትሔው ፋይሎቹን በውስጥ ዌብ ገጽ በኩል ማቅረብ ነው፤ እስከዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀን፣ ርዕስና ብዛት የሚሞላበት ወረቀት ይበቃል። የሰው ስም አያስፈልግም። የቴሌግራም ቻናል ካላቸው የፖስት እይታን ከዳውንሎድ ጋር አትደምሪ። ኮሃ ላይም የሊንክ ጠቅታ መከታተያ ቅንብር አለ፤ ካልበራ ካታሎጉ ማን ወደ ኢ-መጽሐፉ እንደሄደ አያውቅም። ስም በማይዝበት ምርጫ ይብራ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ «ማን ምን አነበበ» የሚል ሠንጠረዥ ሪፖርት ላይ መለጠፍ ከሥነ ምግባርም በላይ ጥያቄ ያስነሳል።

በነፍስ ወከፍ አስልተሽ እንድታሳዪ ከተጠየቅሽ፣ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ስለሆነ አካፋዩ የትንበያ ቁጥር ይሆናል። የየትኛው ዓመት ትንበያ እንደሆነ ከሥሩ ጻፊ።

ሦስቱን ሳምንት እንዲህ ክፈያቸው። በመጀመሪያው ላፕቶፕሽ ላይ በቨርችዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓትና ኤንጂንኤክስ የተባለውን የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር ጫኚ፣ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ 20 ፒዲኤፎች አስገቢ፣ ከጓደኞችሽ ጋር በዋይፋይ እየከፈታችሁ ሎግ ፍጠሩ። በሁለተኛው ያንን ሎግ በኤክሴል አጣሪ፤ መጀመሪያ ጥሬውን የመስመር ብዛት፣ ከዚያ በየእርምጃው የቀረውን መዝግቢ። በሦስተኛው ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፊ፦ አንዱ ገጽ ቁጥሩ፣ አንዱ ገጽ አቆጣጠሩ። ሁለቱንም አትመሽ ለፈተናው ያዢ።

ፈተናው በእውነተኛው ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ ከምንም በፊት ሎጉ ስንት ቀን ወደኋላ እንደሚሄድ እዪ። ኡቡንቱ ላይ ኤንጂንኤክስ እንደተጫነ ከተተወ ሎጉን በየቀኑ እየቀየረ 14 ብቻ ያስቀራል፤ የሦስት ወር ሪፖርት ተጠይቀሽ እጅሽ ላይ ያለው የሁለት ሳምንት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ የሁለት ሳምንቱን በስድስት ተኩል አባዝተሽ ሩብ ዓመት አታድርጊው። ያለውን በቀኑ ወሰን አቅርቢ፣ ቅንብሩ ወደ 400 ቀን ከፍ እንዲል በጽሑፍ ጠይቂ፣ ሎጉንም ከመንካትሽ በፊት ኮፒውን በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጪ።