ቅጠሉን ያራገፈው ኦርኪድ

ጥያቄ፦ በፀደይ የገዛሁት ዴንድሮቢየም ኖቢሌ ኅዳር ከገባ ወዲህ ቅጠሉ እየወየበ ይረግፋል። ከማሞቂያው አጠገብ አስጠግቼ ውኃና ማዳበሪያ ብጨምርለትም ባሰበት። ሞቶብኝ ይሆን?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞዎት፤ እያረፈ ነው። የዚህ ኦርኪድ አገሩ የሂማላያ ግርጌ ነው። እዚያ የብርዱ ወራት እንደ አገራችን በጋ ደረቅ ስለሆነ ቅጠሉን ጥሎ ዝናብ እስኪመለስ ይጠብቃል።

ከማሞቂያው አጠገብ ዛሬውኑ ያንሱት። ቀን ብርሃን በደንብ የሚያገኝ፣ ሌሊት ግን ቅዝቃዜው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ መስኮት ይፈልጉለት፤ ማሞቂያ የማይበራበት ክፍል ካለዎት እሱን እመርጣለሁ። ማዳበሪያውን ፈጽሞ ያቁሙ። ውኃም አገዳው መጨማደድ ሲጀምር ብቻ፣ ያውም ጥቂት። ትንሽ መጨማደድ አያስፈራም። የሚያሳስበኝ አገዳው ሲለሰልስና ሲጠቁር ነው፤ ያኔ መበስበስ ጀምሯል።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው የካቲት ላይ ነው። አንጓው ላይ እብጠት ሲያይ ደስ ብሎት ውኃ ያጠጣል፤ አበባ ሊሆን የነበረውም ሥር ያለው ትንሽ ተክል ሆኖ ይወጣል። እምቡጥ መሆኑ በግልጽ እስኪለይ ይታገሡ። ደግሞ ራቁቱን የቀረውን አገዳ እንዳይቆርጡት አደራ! የሚያብበው እሱ ነው።

በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው ፋላኖፕሲስ የተባለው ሌላ ኦርኪድ ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም፤ በብርድም ወራት ውኃ አይከልክሉት።