«ስፐርምህ በደንብ አይዋኝም» ተባልኩ፤ ልጅ አልወልድም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የዘጌ ነዋሪ፣ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ትዳር ከያዝን ሁለት ዓመት ቢሆነንም ልጅ አላገኘንም። ናሙናዬን ከቤት ይዤ በጀልባ ባሕር ዳር ሄጄ ባስመረምር ወደ ፊት የሚዋኘው ስፐርም 24 በመቶ ብቻ ነው ተባልኩ። ፈሳሹ ወፍራም ስለሆነ ይሆን? ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ ያገኘልኝን የቴስቶስትሮን (የወንድነት ሆርሞን) መርፌ ሁለት ወር ተወግቻለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የጠየቁት ስለ ፈሳሹ ውፍረት ቢሆንም ያስጨነቀዎት «መካን ነኝ ወይ?» የሚለው መሆኑ ይገባኛል። ውጤቱ እንደዚያ አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ዝቅተኛ መነሻ 30 በመቶ ሲሆን፣ የተወሰደውም ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙ ወንዶች ነው፤ ከእነርሱም ከመቶው አምስቱ ከዚህ በታች ነበሩ።

የዘር ፈሳሽ እንደወጣ ይረጋል፣ አብዛኛውን ጊዜም በ30 ደቂቃ ውስጥ ይቀጥናል፤ ያዩት ውፍረት ሕመም አይደለም። ስፐርም ርዝመቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀጭን ውሃ እንኳ ለእርሱ እንደ ማር ነው። ጣና ላይ ቀዛፊው እጁን ቢያሳርፍ ታንኳው ጥቂት ይንሸራተታል፤ ስፐርም ግን ጅራቱ በቆመበት ቅጽበት እዚያው ይቀራል። ጅራቱን እንደ በር ወዲያና ወዲህ ቢያወዛውዝም ፈቀቅ አይልም፤ የሚያስኬደው ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ የሚወርደው ሞገድ ፈሳሹን ወደ ኋላ ሲገፋ ነው። ያ ጅራት የሚሠራው ቆለጥ ውስጥ ሲሆን፣ ሥራው ከ70 ቀናት በላይ ይወስዳል።

መርፌው ያስቆጣኝም ለዚህ ነው። ከውጭ የገባ ቴስቶስትሮን አንጎልን «በቂ አለ» ስለሚያሰኘው ለቆለጥ የሚላከው ትእዛዝ ይቋረጣል፣ ስፐርም ማምረቱም ይዳከማል፤ በአንዳንዱ ሰው ጨርሶ ይቆማል። ተመራማሪዎች ይህንኑ መድኃኒት ለወንዶች የእርግዝና መከላከያነት ሞክረውታል። እርስዎ ልጅ ፈልገው፣ ሐኪም ሳያማክሩ፣ ልጅ የሚከለክል መርፌ ተወጉ! ቀጣዩን አይውሰዱ፤ ጠርሙሱን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፣ ስንት ጊዜ እንደተወጉም አይደብቁ። ካቆሙ በኋላ ምርቱ በአብዛኛው ሰው ላይ ይመለሳል፤ ነገር ግን ወራት ይፈጃል።

የመጀመሪያውንም ውጤት ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ናሙና በሰውነት ሙቀት ተጠብቆ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ የሐይቅ ነፋስ እየመታው በጀልባ የተጓዘ ናሙና ግን እንቅስቃሴው ቀንሶ ቢገኝ አያስገርምም። ሐኪምዎ ጊዜው መሆኑን ሲነግርዎት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅበው ናሙናውን እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ ይስጡ። ባለቤትዎ ግን እስከዚያ አይጠብቁ፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ አብረውዎት ይመርመሩ።