በኮቪድ ሲዝን ትንንሾቹ ኮሌጆች ፉትቦል መጫወት ነበረባቸው ወይ? ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን የ2020ው የኮሌጅ ፉትቦል ሲዝን ተነስቶ አንዱ «ትልልቆቹስ ይጫወቱ፣ ትንንሾቹ ግን ምን አስቸኮላቸው?» ብሎ ጀመረና ክርክሩ ሳያልቅ ተበተንን። እኔ ያኔ ኦሃዮ ውስጥ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ (ስሙ ይቆየን) የስፖርት ህክምና ክፍል ነበር የምሰራው፣ ቁርጭምጭሚት መጠቅለል፣ በረዶ መሙላት፣ ያቺ ዓመት ስትመጣ ደግሞ ሰው አፍንጫ ውስጥ ጥጥ መክተት። ስለዚህ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ፉትቦል የምለው የአሜሪካኑን ነው፣ ኳሱ እንቁላል የሚመስለውን፣ ቀኖቹም በፈረንጅ ናቸው።

ጥ፦ «ትንሽ» ስትል ምን ማለትህ ነው? ለኔ ኮሌጅ ሁሉ ያው ኮሌጅ ነው።

መ፦ አይደለም ወንድሜ፣ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ላይ እነ አላባማና ኦሃዮ ስቴት አሉ፣ ያኔ 85 ልጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ ላይ ነበራቸው። በወረቀት ከነሱ እኩል የሚቆጠሩ ግን ኪሳቸው የማይገናኝ ደግሞ አሉ፣ እነ ኬንት ስቴት፣ አክረን፣ ቦውሊንግ ግሪን፣ ማክ የሚባለው ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚጫወቱ ቡድኖች ማህበር) ውስጥ ያሉት። ከነሱ ዝቅ ሲል ኤፍሲኤስ የሚባለው ደረጃ ነው፣ ያኔ 63 ስኮላርሺፕ ነበረው፣ ዲሲ ያላችሁ በበሩ የምታልፉት ሃዋርድም እዛ ነው። ዲቪዥን ቱ 36 ስኮላርሺፕ አለው፣ እሷን ለመቶ ልጅ ቆራርሶ ያካፍላል። ዲቪዥን ስሪ ዜሮ። በስፖርቱ ስም አምስት ሳንቲም አይሰጥም፣ ልጁ ከፍሎ ነው የሚጫወተው። የኔ ኮሌጅ ይሄኛው ነበር።

ጥ፦ ቲቪ የማያሳየው ቡድን ከሆነ ታዲያ ባይጫወት ምን ይጎድልበታል?

መ፦ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው፣ ትንሽ ልርዘም።

ኬንት ስቴትን እንይ። በ2020 ፔን ስቴት፣ ኬንታኪና አላባማ ሜዳቸው ድረስ ሄዶ ሊጫወት ተዋውሎ ነበር፣ ከሶስቱ ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ያገኝ ነበር። ሊያሸንፍ አይደለም የሚሄደው እኮ፣ ተቀጥቅጦ ቼኩን ይዞ ሊመለስ ነው፣ በዛች ብር ደግሞ ቮሊቦሉም ዋናውም ሩጫውም ይኖራል። ጁላይ 9 ቢግ ቴን (ፔን ስቴት ያለበት ኮንፈረንስ) «ከራሴ ኮንፈረንስ ውጪ አልጫወትም» አለ፣ የፔን ስቴቱ ቼክ በነነ። ጁላይ 30 ኤስኢሲም (ኬንታኪና አላባማ ያሉበት) ያንኑ ሲል የቀሩት ሁለቱም ሄዱ። ኬንት ስቴት ራሱ ምንም ሳይወስን በሶስት ሳምንት ውስጥ ባዶ እጁን ቀረ።

ከዛ በታች ያለው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። ትንሽ የግል ኮሌጅ ፉትቦል የሚይዘው ተማሪ ለመሳብ ነው። 1,200 ተማሪ ያለው ኮሌጅ አስቡ፣ ከነሱ 100ው ፉትቦሉ ያመጣቸው ናቸው፣ እያንዳንዱ ቅናሹ ተቀንሶለት 25 ሺ ቢከፍል 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነው (ሂሳቡ ለምሳሌ ነው፣ ግን ከእውነቱ ብዙ አይርቅም)። «ዘንድሮ ጨዋታ የለም» ካልክ ግማሹ ልጅ እናቱ ቤት ይቀራል፣ ኮሌጁም ለመምህራን ደሞዝ የሚከፍለው ያጣል። ሰው ትልልቆቹ በቲቪ ብር ምክንያት ተጫወቱ ይላል፣ ልክ ነው፣ የኛ ዓይነቶቹ ግን ልጆቹን ግቢ ውስጥ ለማቆየት ሲሉ ነበር «እንጫወታለን፣ እንጫወታለን» እያሉ እስከ ኦገስት የጎተቱት። የኛ አለቆች ይሄንን አፍ አውጥተው አላሉትም፣ ክፍያው ከገባ በኋላ ነው «ተራዝሟል» የሚለው ኢሜይል የመጣው። እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል።

ጥ፦ መጀመሪያ ያቆመው ማነው?

መ፦ አይቪ ሊግ፣ ጁላይ 8። እነ ሃርቫርድ ብር አያጡም፣ ቀላል ነበር ለነሱ። ሃዋርድ ያለበት ኮንፈረንስ ሚያክ ጁላይ 16 ተከተለ። ኦገስት 5 ዲቪዥን ቱና ስሪ የፎል ሻምፒዮናቸውን ሰረዙ፣ በዛው ቀን ዩኮን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ) ከላይኛው ደረጃ ቡድኖች የመጀመሪያው ሆኖ ሲዝኑን ተወ። ኦገስት 8 ማክ፣ ኦገስት 11 ቢግ ቴንና ፓክ 12 (የዌስት ኮስቱ ኮንፈረንስ)። ከዛ ቢግ ቴን ሴፕቴምበር 16 ሃሳቡን ቀየረ፣ ማክም በዘጠነኛው ቀን እሱን ተከትሎ ተመለሰ። ከዘጠኝ ቀን በፊት አደገኛ የነበረው ነገር ምኑ እንደተለወጠ አትጠይቁኝ፣ ቫይረሱ እንደሆነ አልተለወጠም።

ጥ፦ ወጣቶች ናቸው፣ ኮቪድ አይጎዳቸውም ሲባል አልነበር? ልብ ይጎዳል የተባለውስ ተጋኖ አይደለም?

መ፦ ተጋኖ ነበር፣ ግን ያኔ ማንም አያውቅም ነበር፣ ሁለቱም እውነት ነው። ሴፕቴምበር 2020 ከኦሃዮ ስቴት የወጣው ጥናት 26 ስፖርተኞችን በኤምአርአይ አይቶ 4ቱ ላይ የልብ ጡንቻ ብግነት ምልክት አገኘ፣ 15 ፐርሰንት ማለት ነው፣ ሁሉም ሰው ደነገጠ። በኋላ የቢግ ቴን ትምህርት ቤቶች 1,597 ስፖርተኛ ሲያዩ 37ቱ ላይ ነው የተገኘው፣ 2.3 ፐርሰንት። ትልልቆቹ የተያዘውን ልጅ 21 ቀን አስቀምጠው ልቡን በማሽን አይተው ነው የሚመልሱት። እኛ ጋ ኤምአርአይ ከየት ይምጣ? የነበረን ስቴቶስኮፕና የሚቀርበው ሆስፒታል ስልክ ቁጥር ነው።

ጥ፦ ቴስቱ ስንት ነበር?

መ፦ በሰመሩ ፒሲአር (የላብራቶሪው ቴስት) አንዱ ወደ 100 ዶላር ነበር። ተጫዋቹም አሰልጣኙም እኛም ተደምረን 120 ሰው፣ በሳምንት አንዴ ብቻ ብታደርግ 12 ሺ፣ አስር ሳምንት 120 ሺ ዶላር። የኛ ክፍል የዓመት የፋሻና የፕላስተር በጀት ከዚህ ጋር ሲተያይ የሻይ ብር ነው። ኦገስት መጨረሻ ባለ 5 ዶላሯ ፈጣን ቴስት ተፈቀደች፣ ግን ወዲያው እጅህ አትገባም፣ ሁሉም ሰው እሷኑ ነበር የሚፈልገው።

ጥ፦ እስኪ አንድ ጨዋታ ንገረን፣ ትንንሾቹ ሲጫወቱ ምን እንደሚመስል።

መ፦ ኦገስት 29፣ 2020፣ ሞንትጎመሪ አላባማ፣ ኦስቲን ፒይ ከሴንትራል አርካንሶ። የሲዝኑ የመጀመሪያ ጨዋታ ስለሆነ አገር ምድሩ ያየው ነበር፣ ስፖርት የራበው ሰው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ኦስቲን ፒይ በመጀመሪያዋ ኳስ 75 ያርድ ሮጦ ገባ፣ ጉድ ተባለ። ችግሩ ሎንግ ስናፐር የላቸውም። ሎንግ ስናፐር ማለት ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መሃል ኳሱን ወደ ኋላ አርቆ ለሚመታው የሚወረውር ልጅ ነው፣ ሌላ ጊዜ ስሙን የሚያውቀው የለም። ሶስት ነበሯቸው፣ ሶስቱም በኮቪድ ቴስትና በንክኪ ምክንያት ቀሩ። ሶስቱ ሁሌ አብረው ነዋ የሚለማመዱት! በዛ ምክንያት ኳስ አርቆ መምታት የሚባለው ነገር ስቃይ ሆነባቸው፣ 24 ለ 17 ተሸነፉ። አላባማ ቢሆን ከ85 ስኮላርሺፕና ከዛ በላይ ከሆነ ልጅ መሃል ሌላ ይፈልጋል፣ ትንሹ ቡድን ግን አንድ ክፍል ሲታመምበት ያ ክፍል ጠፋ ማለት ነው።

ጥ፦ አንተ ራስህ ያየኸውን ንገረን እንጂ።

መ፦ እሺ። ኦገስት ላይ ልምምድ ጀምረን ነበር፣ ሻምፒዮናው ተሰርዞም ልምምዱ ቀጥሏል። አንድ የመከላከያ መስመር ልጅ፣ የመጨረሻ ዓመት፣ 130 ኪሎ አካባቢ፣ ትሁት ልጅ። የክፍል ጓደኛው ፖዘቲቭ ሆነ፣ እሱም ተመረመረና ፖዘቲቭ። የኔ ስራ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው፣ ከማን ጋር ከ15 ደቂቃ በላይ ተቀመጥክ፣ ማን አጠገብህ በላ። «ማንም» አለኝ። ጣሪያውን እያየ ነው የሚያወራኝ። ማታውን ግን እነሱው የለጠፉትን ፎቶ አይቼዋለሁ፣ ስድስት ሆነው አንዲት ጠረጴዛ ላይ ተጠጋግተው፣ ሶስት ካርቶን ፒዛ። ስልኩን ሳሳየው ዝም አለ፣ ከዛ «እነሱም በኔ ምክንያት ሊቀሩ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ስድስቱንም 14 ቀን የተዘጋ አሮጌ ዶርም አስገባናቸው፣ ምግብ በር ላይ እየተቀመጠላቸው። ለልጆቹ መያዝ ማለት ጓደኛን አሳልፎ መስጠት ሆኖ ነበር፣ ከዛ በኋላ የሚያመው ሁሉ እየደበቀኝ መጣ፣ ማስነጠሱን «አለርጂ ነው» ይሉኛል።

ጥ፦ አልጫወትም ያለ ልጅስ መብት ነበረው?

መ፦ በወረቀት ነበረው። ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል) ኦገስት 5 አልጫወትም ያለ ልጅ ስኮላርሺፑ እንዳይነካ፣ «ብታመም አልከስም» የሚል ወረቀትም እንዳይፈርም ብሎ ነበር፣ በኋላም ያቺ ሲዝን አትቆጠርም ተብሎ ተጨማሪ ዓመት ተሰጣቸው። አላባማ ላለው ልጅ ይሄ ስጦታ ነው። ዲቪዥን ስሪ ላለው ግን ተጨማሪ ዓመት ማለት ሌላ የዓመት ክፍያ፣ ሌላ ብድር ማለት ነው፣ «ተጨማሪ ዓመት ሰጠንህ» ሲሉት ቢል እንደላኩለት ቁጠሩት።

ጥ፦ አንተ ጨለማውን ብቻ ነው የምታወራው፣ ኮስታል ካሮላይናስ? በዛች ዓመት አይደል እንዴ ስማቸው የወጣ?

መ፦ ይሄ ጥያቄ ልክ ነው፣ አልክድም። ሴፕቴምበር 12 ሰን ቤልት ከሚባለው ትንሽ ኮንፈረንስ ሶስት ቡድን የትልቁን የቢግ 12 ኮንፈረንስ ቡድኖች በአንድ ቀን አሸነፈ፣ ሉዊዚያና አይዋ ስቴትን፣ አርካንሶ ስቴት ካንሳስ ስቴትን፣ ኮስታል ካንሳስን። ዲሴምበር ላይ ደግሞ ተጋጣሚው ሊበርቲ በኮቪድ ሲቀርበት ኮስታል ከቢዋይዩ ጋር በሁለት ቀን ቀጠሮ ገጥሞ 22 ለ 17 አሸነፈ፣ የመጨረሻዋ ኳስ አንድ ያርድ ቀርቷት ነው ልጁን የጣሉት፣ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ያቺ ዓመት ባትኖር ያ ጨዋታ አይኖርም ነበር። ግን ኮስታልም ቢሆን የቲቪ ኮንትራት ያለው የላይኛው ደረጃ ቡድን ነው፣ የኛ ዓይነቱን ወክሎ አይመሰክርም።

ጥ፦ ወደ ስፕሪንግ መግፋቱ አይሻልም ነበር?

መ፦ ኤፍሲኤስ እንደዛ አደረገ፣ ፍጻሜው ሜይ 16፣ 2021 ነበር፣ ሳም ሂውስተን ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 23 ለ 21። ለህመሙ ይሻላል፣ ክትባትም እየመጣ ነበር። ለጉልበት ግን አይሻልም፣ ሜይ ላይ ጨርሶ ሴፕቴምበር ላይ እንደገና ሙሉ ሲዝን የሚጀምር ሰውነት መቼ ይጠገን? እሱን የሚያውቀው የኔ ዓይነት ጉልበት የሚያሽ ሰው ነው።

ጥ፦ የኛ አገር ሊግም ያኔ ተሰርዞ አልነበር?

መ፦ አዎ፣ ሜይ 2020 ሻምፒዮን ሳይኖረው ተሰረዘ፣ በቀጣዩ ሲዝን ፋሲል ወሰደው። ግን የኛዎቹ ክለቦች ደሞዝ ከፋይ ናቸው፣ እዚህ ተጫዋቹ ነው ከፋዩ፣ ማወዳደሩ ያስቸግራል። ከኛ ጋር የሚያገናኘው ሌላ ነገር ነው፣ ሜይ 2020 አክረን የወንዶች አገር አቋራጭ ቡድኑን ዘጋ። ጫማና ቫን ብቻ የሚፈልገው ስፖርት ተዘግቶ ፉትቦሉ ቀረ። ለሀበሻ ልጅ በስፖርት ኮሌጅ መግቢያው በር ሩጫው ነበር እኮ።

ጥ፦ ስለዚህ በአንድ ቃል፣ መጫወት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም?

መ፦ ቴስት መግዛት ያልቻለ አልነበረበትም። ልቡን የሚያይለት ሐኪም የሌለውም እንደዛው። የቻለው ይጫወት፣ አልቀናም። ከመጫወቱ ይልቅ እኔን ያናደደኝ ልጆቹ ክፍያ እስኪከፍሉ «እንጫወታለን» መባሉ ነው፣ ጁን ላይ «ዘንድሮ የለም፣ ከፈለጋችሁ ቤታችሁ ሆናችሁ ተማሩ» ቢባሉ ኖሮ ያ ሁሉ ልጅ አሮጌ ዶርም ውስጥ አይቆለፍም ነበር።

ጥ፦ ያ የፒዛው ልጅ ምን ሆነ?

መ፦ ደህና ነው። ስፕሪንግ ላይ ሶስት ጨዋታ ተያዘልን፣ አንዱ በተጋጣሚያችን ኮቪድ ቀረ፣ ሁለቱን ተሸነፍን። ተጨማሪውን ዓመት አልወሰደውም፣ እናቱ ሌላ ዓመት መክፈል አትችልም ነበር፣ በዛው ሜይ ተመረቀ። ሄልሜቱን ሊያስረክብ ሲመጣ ምራቅ እንዳይረጭ ብለን ፊቱ ላይ ያሰርናት ፕላስቲክ ጭረት በጭረት ሆና እዛው ነበረች፣ እኔ ነኝ ማሰሪያዋን በመቀስ የቆረጥኩለት። ፕላስቲኳን «ልውሰዳት?» አለኝ፣ ውሰዳት አልኩት።