ለዴንታል ስኩል ለምታመለክቱ፦ ደብዳቤውን ከአሁኑ አስቡበት

ዘንድሮም አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ዴንታል ስኩል (የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት) ለመግባት ስለሚጠየቀው ሪኮመንዴሽን ሌተር፣ ማለትም የሚያውቃችሁ አስተማሪ ወይም አሠሪ ስለ እናንተ ስለሚጽፈው ደብዳቤ፣ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ልጆቻችን ጂፒኤው (የውጤት አማካዩ) ላይም ዳት (የዴንታል ስኩል መግቢያ ፈተናው) ላይም ጎበዞች ናቸው፣ ሌሊት ሲሠሩ አድረው ጠዋት ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክላስ የሚገቡ አውቃለሁ፣ ደብዳቤው ላይ ስንደርስ ግን ብዙዎቻችን እንቸገራለን፣ ለምን ቢባል አስተማሪዎቻችን አያውቁንም።

እኛ ባደግንበት ተማሪ አስተማሪውን የሚያከብረው አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ በመስማት ነው፣ ቢሮ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ማስቸገር ይመስለናል። እዚህ ግን ኦፊስ አወር የሚባለው ለእናንተ ተብሎ የተቀመጠ ሰዓት ነው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ፕሮፌሰሩ ሰው ሳይመጣለት ብቻውን ነው የሚቀመጠው። መቶ ምናምን ተማሪ ባለበት ክላስ ኤ አግኝታችሁ አንድም ቀን ሳታናግሩት ሴሚስተሩ ካለቀ ሊጽፍላችሁ የሚችለው "ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ኤ አግኝቷል" ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ትራንስክሪፕታችሁ ለትምህርት ቤቶቹ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ሁለት የሳይንስ አስተማሪ ምረጡና ሂዱ፣ ጠይቁ፣ ፈተና ላይ የሳታችሁትን ይዛችሁ ግቡ፣ ከቻላችሁ ሁለተኛ ኮርስ ከሱው ጋር ውሰዱ ወይም ላቡ ውስጥ እርዱ። ይሉኝታችሁን እዚህ ላይ ተዉት፣ በጣም ነው የሚጎዳችሁ።

አንዱ ማመልከቻ ለብዙ ዴንታል ስኩሎች የሚገባበት አድሳስ የሚባለው የኦንላይን ሲስተም እስከ 4 ደብዳቤ ይቀበላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለቱ ከሳይንስ አስተማሪ፣ ማለትም ከባዮሎጂ ከኬሚስትሪ ወይ ከፊዚክስ እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ ከጥርስ ሐኪም አንድ የሚጠይቁም አሉ። ሃዋርድም ሆነ ሜሪላንድ ወይ ሌላ የምታመለክቱበት ሁሉ የየራሱ ደንብ ስላለው ሳይቱ ላይ ገብታችሁ አንብቡ፣ ከጓደኛ በሰማችሁት አትሂዱ። የምትማሩበት ኮሌጅ የኮሚቲ ሌተር (ኮሌጁ በኮሚቴ ሆኖ ስለ ተማሪው የሚጽፈው ደብዳቤ) የሚሰጥ ከሆነም ቀደም ብላችሁ የፕሪ ሄልዝ አማካሪውን (ለጤና ሙያ የሚያመለክቱ ተማሪዎችን የሚረዳውን) አናግሩ፣ የራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው።

አሁን ማን ይጻፍልኝ የሚለው ላይ፣ ትልቅ ስም ያለው ሰው አትፈልጉ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ዴንታል አሲስታንት ሆና የምትሠራ አንዲት እህት የአባቷ ወዳጅ የሆነ ታዋቂ ሐኪም እንዲጽፍላት አስባ ነበር፣ ሰውየው ግን በዓል ሲሆን ቤት ሲመጣ ነው የሚያያት እንጂ ስትሠራ አይቷት አያውቅም። ይልቅ አብረሽው የምትሠሪውን ዴንቲስት ጠይቂ አልኳት። እሱ ምን ጻፈ መሰላችሁ፣ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ መጥተው መርፌውን ፈርተው አፋቸውን አልከፍት ያሉ አንዲት እናታችንን እሷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ይዛ፣ የሚያማቸው የቱ ጋ እንደሆነና መቼ እንደሚደነዝዝ በአማርኛ ቀስ አድርጋ እንዳስረዳቻቸው፣ ከዛ በኋላ ሥራው ያለችግር እንዳለቀ ጻፈላት። ደብዳቤውን ጠንካራ የሚያደርገው እንደዚህ ያለ በዓይን የታየ ነገር ነው። ሥራችሁን አይቶ የማያውቅ፣ ግን ያከብረኛል የምትሉት የቤተሰብ ወዳጅ፣ ዘመድ፣ የንስሐ አባት እዚህ ቦታ ላይ አይጠቅሟችሁም።

ስትጠይቁ መጀመሪያ በአካል፣ ከዛ በኢሜይል። "ደብዳቤ ይጻፉልኝ" ብቻ ሳይሆን "ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ የሚያስችል ያህል ያውቁኛል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰውየው ካመነታ አመስግናችሁ ወደ ሌላ ሂዱ፣ እያመነታ የጻፈው ደብዳቤ ቀዝቃዛ ነው የሚሆነው። እሺ ካለ ሲቪ፣ ትራንስክሪፕት፣ ፐርሰናል ስቴትመንት (ለምን ይህን ሙያ እንደመረጣችሁ የጻፋችሁትን)፣ እንዲሁም ከሱ ጋር የሠራችሁትን የሚያስታውስ ግማሽ ገጽ ስጡት፣ የትኛው ላብ፣ የትኛው ፕሮጀክት፣ ምን ከብዷችሁ እንዴት እንደተወጣችሁት። አንዳንዱ "አንተ ጻፈውና እኔ ልፈርም" ይላል፣ እሱን በፍጹም እንዳትቀበሉ፣ ትክክልም አይደለም፣ ግማሽ ገጿን ሰጥታችሁ ራሱ እንዲጽፈው ለምኑት።

ማመልከቻው ሜይ ላይ ነው የሚከፈተው፣ ትምህርት ቤቶቹም እየገባ የመጣውን እያዩ ስለሚሄዱ የቀደመ ይጠቀማል፣ ስለዚህ ፌብሩዋሪ ወይ ማርች ላይ ጠይቁ። ደብዳቤውን እናንተ አታስገቡትም፣ የጸሐፊውን ስምና ኢሜይል ስትሞሉ ሲስተሙ ለሱ ሊንክ ይልክለታል፣ ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ሊገባ ስለሚችል በላካችሁ ማግስት "ደረሰዎት ወይ?" በሉት። ደብዳቤውን የማየት መብቴን ትቻለሁ የሚለውን ምልክት አድርጉበት፣ ያ ካልሆነ ጸሐፊው በነጻነት እንዳልጻፈ ሊቆጥሩት ይችላሉ። አንዴ ከገባ በኋላ ማውጣትም መቀየርም አይቻልም፣ ስለዚህ ሌተርሄድ (የመሥሪያ ቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት ወረቀት)፣ ቀንና ፊርማ እንዲኖረው ቀድማችሁ ንገሩት።

ስማችሁንም እዩት። እኛ የአባትና የአያት ስም ስለምንጠቀም ፓስፖርት ላይ አንድ፣ ኮሌጅ ላይ ሌላ የሆነ ብዙ ሰው አለ፣ ፕሮፌሰሩ ደግሞ በቅጽል ስም የሚጠራችሁ ከሆነ ደብዳቤው ላይ ያንኑ ሊጽፍ ይችላል። ማመልከቻው ላይ ያለውን ሙሉ ስም በጽሑፍ ስጡት።

አዲስ አበባ፣ ጅማ ወይ ጎንደር ተመርቃችሁ መጥታችሁ እዚህ በካፒድ (ውጭ አገር የተመረቁ ዴንቲስቶች በሚያመለክቱበት ሲስተም) በኩል ለምታመለክቱ ዴንቲስቶች ደግሞ የናንተ ትንሽ ይለያል። የዲን ደብዳቤ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች አሉ፣ ዲኑ ተቀይሮ ከሆነ አዲሱ አያውቃችሁምና ያስተማራችሁን ሰው አስቀድማችሁ ፈልጉ፣ እሱ ለዲኑ ያስታውስላችሁ። በግል ጂሜይል ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል እንዲልኩ ጠይቁ፣ እዚያ ያለ ጓደኛችሁ ቢሮ ድረስ ሄዶ ሊንኩ ሲከፈት አጠገባቸው ቢሆን ብዙ ሳምንት ይቆጥብላችኋል። እዚህ አሲስታንት ሆናችሁ እየሠራችሁ ከሆነም የምትሠሩበት ዴንቲስት ይጻፍላችሁ፣ እጃችሁን አሁን የሚያየው እሱ ነው።