ዘራቸው አንድ፣ አንጀታቸው ለየቅል፦ ስለ ላብራቶሪ አይጦች ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ አይጦቹ በዘር አንድ ከሆኑ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ለምን ይለያያል?

መልስ፦ ጨቅላ አይጥ ባክቴሪያ የምትወርሰው ከእናቷና ካደገችበት ቤት ነው። መኖው፣ ጉዝጓዙ፣ ውሃው ሁሉ የራሱን ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኒውዮርኩ ተመራማሪ የዳን ሊትማን ቡድን ያሳተመውን እዩ። ሲ57ብላክ6 የሚባለው ዘር ታኮኒክ ከሚባለው የአይጥ አርቢ ድርጅት ሲመጣ አንጀቱ ውስጥ ቲኤች17 የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ሞልተዋል። ጃክሰን ከሚባለው ሌላ አርቢ የመጣው ግን ጥቂት ነው ያለው። ሰበቡ አንጀት ግድግዳ ላይ የሚጣበቅ አንድ ክር መሳይ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። ምንም ባክቴሪያ ለሌላቸው አይጦች እሱን ብቻ ሲሰጧቸው ሕዋሳቱ በዙ።

ጥያቄ፦ አምስት አይጦችን በአንድ ኬጅ (ማርቢያ ሳጥን) አድርጌ መድኃኒት ሰጠሁ፤ አምስቱን በሌላ ኬጅ ያለ መድኃኒት ተውኩ። ልዩነት አገኘሁ። ልጻፈው?

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ! አይጦች አንዱ የሌላውን ኩስ ይበላል። ስለዚህ አብረው የሚኖሩ አይጦች ባክቴሪያቸው ይመሳሰላል። አንተ ያለህ አስር አይጥ ሳይሆን ሁለት ኬጅ ነው። ልዩነቱን ያመጣው መድኃኒቱ ይሁን ኬጁ በምን ታውቃለህ? እኔም በተማሪነቴ እንዲሁ አድርጌ የስድስት ወር ልፋቴን ውሃ በልቶታል። ለእያንዳንዱ ቡድን ብዙ ኬጅ ያዝ፣ በየኬጁ ሁለት ሁለት ይበቃል። ስሌቱ ውስጥም ኬጁን አስገባው።

ጥያቄ፦ ታዲያ መድኃኒት የወሰዱትንና ያልወሰዱትን ባደባልቃቸውስ?

መልስ፦ ያኔ ደግሞ በኩስ እየተቀባበሉ የምትፈልገውን ልዩነት ያጠፉብሃል። ማደባለቁ ከሙከራው በፊት ይሁን፤ ጉዝጓዛቸውንም አቀያይር። ከዚያ በዕጣ ለያያቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ጅን (ዘረ መል) የጠፋባቸው አይጦች አሉኝ። ጤነኞቹን ገዝቼ ባወዳድርስ?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ፤ የተገዙት የሌላ ቤት ባክቴሪያ ይዘው ይመጣሉ። ከአንድ እናት አብረው የተወለዱትን፣ ጅኑ ያላቸውንና የሌላቸውን አወዳድሪ።

ጥያቄ፦ ናሙናውስ?

መልስ፦ ትኩስ ኩስ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ። ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ቱቦም አብሮ ይመርመር፤ ኬሚካሎቹ ራሳቸው የባክቴሪያ ዲኤንኤ ይዘው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ የሁሉንም አይጥ ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ማድረግ አይሻልም?

መልስ፦ ለንጽጽር ይመቻል። ግን የላብራቶሪ አይጥ ከልክ በላይ ንጹህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለንደን ላይ አንድ መድኃኒት ስድስት ጤነኛ ወንዶችን ለሞት አቃርቦ ነበር፤ ለአይጥ የተሠራው አምሳያው ግን በላብራቶሪ አይጦች ላይ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች የላብራቶሪ ጽንስ በዱር አይጥ ማህፀን አስገብተው የዱር ባክቴሪያ ይዘው የተወለዱ አይጦች አገኙ። ያው አምሳያ መድኃኒት ሲሰጣቸው የእነዚህኞቹ ሰውነት እንደ ሰዎቹ ተቆጣ።